መሪው ድምፅ የተነጠቁበት ሰኞ፦ የፓርቲ ጉባኤ ላይ ፖሊሲ እንዴት ይወሰናል?

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 25 ቀን 2023 ሰኞ ነበር። በእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ በምትገኘው ቦርንመዝ ከተማ የሊበራል ዴሞክራት ፓርቲ አባላት የራሳቸውን አመራር በድምፅ አሸነፉ። ጉዳዩ የቤት ግንባታ ነው። አመራሩ አንድ ቁጥር ከፓርቲው ፖሊሲ ይውጣ ብሎ ነበር። አዳራሹ አይወጣም አለ። በማግስቱ መሪው ኤድ ዴቪ መድረክ ላይ ወጥተው የመዝጊያ ንግግራቸውን አደረጉ። መሪነታቸውም ቀጠለ። የተባረረም፣ ተገንጥሎ የወጣም አንጃ አልነበረም።

ለብዙዎቻችን ይህ ግር ይላል። ጉባኤ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ረጅም ሪፖርት፣ ጭብጨባ፣ በመጨረሻም የአቋም መግለጫ ነው። መሪው ያቀረበው ሐሳብ ወደቀ ቢባል ደግሞ «ምን ተፈጠረ? ተጣሉ እንዴ?» ማለታችን አይቀርም። በቦርንመዝ የተፈጠረ ነገር የለም። ጉባኤው የተጠራለትን ሥራ ሠራ፣ በቃ።

የብሪታንያን ፓርቲዎች ጉባኤ በቴሌቪዥን የሚከታተል ሰው በአብዛኛው የሚያየው የመሪውን ንግግር ነው። እኔ ግን ዋናው ነገር ከንግግሩ በፊት ባሉት ቀናት፣ አዳራሹ ግማሽ ባዶ በሚመስልበት ሰዓት ነው የሚያልቀው እላለሁ። እዚያ ማን አጀንዳ እንደሚያስይዝ፣ ጽሑፉን ማን መለወጥ እንደሚችል፣ ድምፁስ ማንን እንደሚያስር ካወቅን የፓርቲው ባለቤት ማን እንደሆነ እናውቃለን። ስለዚህ ያቺን ሰኞ ቀስ ብለን እንያት።

ጠቡ ስለ ምን ነበር?

ፓርቲው ቀደም ብሎ የያዘው ፖሊሲ ነበረው። በዓመት 380,000 ቤቶች ይሠሩ ይላል። ከእነዚህ ውስጥ 150,000 የሚሆኑት ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው በአነስተኛ ኪራይ የሚሰጡ ማኅበራዊ ቤቶች ናቸው። ለንደን የሚኖር አበሻ «የካውንስል ቤት» ሲል የሚያስበው ዓይነት ማለት ነው፤ ለዓመታት ወረፋ የሚጠበቅለት።

በ2023 አመራሩ ያቀረበው አዲስ የውሳኔ ሐሳብ 150,000ዋን ይዞ 380,000ዋን ተወ። ጠቅላላውን ቁጥር ማዕከላዊ መንግሥት ከላይ አይወስን፣ እያንዳንዱ አካባቢ የራሱን ፍላጎት አይቶ ይወስን የሚል ነው።

ምክንያቱ ባዶ አልነበረም። ከላይ የወረደ ቁጥር ሲኖር አልሚዎች የሚያተርፋቸውን ይሠራሉ። አረንጓዴ መስክ ላይ ውድ ውድ ቪላ ይደረድራሉ፣ ደሃው የሚከራየው ቤት ግን አይመጣም። የቀድሞው የፓርቲው መሪ ቲም ፋረን በዚህ መንፈስ ለአመራሩ ወገን ሆነው ተከራክረዋል። የእሳቸው የምርጫ ክልል የበዓል ቤት ገዢዎች የአካባቢውን ሰው ከገበያ የሚያስወጡበት የሐይቆች አገር ነው። ስለ ቤት ሲናገሩ ከልባቸው ነው።

የምርጫ ስሌትም አለ። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። በጁን 2021 ፓርቲው ከለንደን ወጣ ብሎ ባለው ቼሻም እና አመርሻም በተባለ የምርጫ ክልል የማሟያ ምርጫ አሸንፎ አገር አስደንቆ ነበር። እዚያ መራጩን ያነሳሳው አንዱ ጉዳይ የግንባታ ሕግ ሊላላ ነው የሚለው ስጋት ነው። ፓርቲው በቀጣዩ ምርጫ ሊወስዳቸው ያሰባቸው ብዙ ወንበሮችም እንደዚህ ያሉ የደላቸው፣ የቤት ባለቤት የሚበዛባቸው፣ አዲስ ግንባታ ሲባል ፊታቸው የሚጠቁር አካባቢዎች ነበሩ። ለዕጩው ቤት ለቤት ሲዞር «እናንተ ናችሁ ወይ 380,000 የምትሉት?» መባል ራስ ምታት ነው።

ከወዲያ ማዶ የቆመው የፓርቲው የወጣቶች ክንፍ ያንግ ሊበራልስ ነው። የእነሱ መልስ አጭር ነበር። ቤት የለንም። ደመወዛችን በኪራይ ያልቃል። «እያንዳንዱ አካባቢ ይወስን» ከተባለ ቀድሞ ቤት ያለው ሰው ነው የሚወስነው። ቁጥሩ ይመለስ።

አዳራሹ ውስጥ ነገሩ እንዴት ይሄዳል?

የውሳኔ ሐሳብ የሚመጣው ከአመራሩ ብቻ አይደለም። የአካባቢ ቅርንጫፍ ማቅረብ ይችላል። ተሰባስበው የፈረሙ አባላትም ይችላሉ። የፓርቲው የፖሊሲ ኮሚቴም ያቀርባል። ሁሉም ግን ክርክር ላይ አይደርስም፤ ጊዜ የለማ። የትኛው እንደሚቀርብ የሚመርጥ የጉባኤ ኮሚቴ አለ። የአጀንዳው ጥራዝ ከጉባኤው ሳምንታት በፊት ታትሞ ለአባላት ይደርሳል።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ጽሑፉ ቀድሞ መውጣቱ ትልቅ ነገር ነው። አመራሩ ቁጥሩን እንደተወ ወጣቶቹ ያወቁት አዳራሽ ገብተው አይደለም። አንብበው፣ ተደዋውለው፣ ማሻሻያ ጽፈው፣ በቀነ ገደቡ ውስጥ አስገብተው ነው የመጡት። ሰነዱ ጠዋት በር ላይ ቢታደላቸው ኖሮ ያቺ ሰኞ ጭብጨባ ብቻ ትሆን ነበር። አንድ ፓርቲ አባላቱን ምን ያህል እንደሚያከብር ማወቅ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ይህን ይጠይቅ፤ ሰነዱ መቼ ደረሳቸው?

የክርክሩ አካሄድ ቀላል ነው። የውሳኔ ሐሳቡን የሚያቀርበው ሰው ይናገራል። ቀጥሎ የማሻሻያው አቅራቢ። ከዚያ ተራው የአባላት ነው። መናገር የሚፈልግ ሰው የተናጋሪ ካርድ ይሞላል። ደግፎ ወይስ ተቃውሞ እንደሚናገር፣ ለምን እሱ መሰማት እንዳለበት ጽፎ ለሰብሳቢው ያቀብላል። ሰብሳቢው ካርዶቹን አይቶ ሁለቱም ወገን እንዲደመጥ አድርጎ ይጠራል። ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሰዓቱ ሲሞላ ቀይ መብራት ይበራል። የፓርላማ አባል ሆነህ፣ የሰፈር ምክር ቤት ተመራጭ ሆነህ፣ ወይም ባለፈው ወር የተመዘገብክ ተማሪ ሆነህ መብራቱ አንድ ነው። እኔ ይህን በጣም እወደዋለሁ።

ድምፅ የሚሰጠው አባላት የድምፅ መስጫ ካርዳቸውን ከፍ አድርገው በማሳየት ነው። በዓይን ካልለየ ቆጣሪዎች ይቆጥራሉ። ቀድሞ ድምፅ የሚሰጡት ቅርንጫፎች የመረጧቸው ተወካዮች ብቻ ነበሩ። ዛሬ ለጉባኤው ተመዝግቦ የመጣ አባል ሁሉ ድምፅ አለው።

አሁን ዋናው ብልሃት ይመጣል፤ የድምፁ ቅደም ተከተል። መጀመሪያ ድምፅ የሚሰጠው በማሻሻያው ላይ ነው። ማሻሻያው ካለፈ የዋናው ሐሳብ አካል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ነው በዋናው ላይ ድምፅ የሚሰጠው። ስለዚህ ያን ቀን አመራሩ ሲሸነፍ ሐሳቡ አልተቀደደም። ሌላው ይዘቱ ሁሉ እንዳለ ሆኖ 380,000 ተመልሶ ገባበትና አለፈ። አመራሩ ራሱ ያመጣው ሰነድ፣ ራሱ ያልፈለገውን ቁጥር ተሸክሞ የፓርቲው ፖሊሲ ሆነ።

ይህ ቅደም ተከተል ሰው ሳይጣላ እንዲለያይ ያደርጋል። ሰነዱን በሙሉ ተቀበል ወይም በሙሉ ጣል ቢባል ምርጫው ከባድ ነው። መሪውን ማዋረድ ወይም ዝም ማለት ይሆናል። ማሻሻያ ግን «ዘጠኙን ወድጄዋለሁ፣ አሥረኛውን ግን አስተካክል» ለማለት ያስችላል። ሌሎች መንገዶችም አሉ። አንድ አንቀጽ ብቻ ተነጥሎ ድምፅ ይሰጥበት ማለት ይቻላል። ነገሩ አልበሰለም ተብሎ ወደ ፖሊሲ ኮሚቴው ይመለስ ማለትም ይቻላል።

ለአንድ ቁጥር ይህ ሁሉ?

አዎ። ቁጥር ይቆጠራል። «ብዙ ቤት እንሠራለን» ያለ ፖለቲከኛ ከአምስት ዓመት በኋላ «ብዙ ሠርተናል» ሊል ይችላል። 380,000 ያለ ሰው ግን ይጠየቃል። አመራር ቁጥር የሚፈራው፣ አባል ደግሞ ቁጥር የሚወደው ለዚህ ነው።

ለዚህ የቆየ ታሪክ አለ፤ ያውም ከሌላ ፓርቲ። በ1950 የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ በብላክፑል ተሰብስቦ ነበር። ጦርነቱ ካለቀ አምስት ዓመቱ ነው። በቦምብ የፈረሰው ቤት አልተተካም፤ ስንት ቤተሰብ ከዘመድ ተዳብሎ ይኖራል። ስለ ቤት ክርክር ሲደረግ ከአዳራሹ «ሦስት መቶ ሺህ!» የሚል ጩኸት ተነሳ። ፓርቲው ሥልጣን ቢይዝ በዓመት 300,000 ቤት ለመሥራት ቃል ይግባ ማለታቸው ነው። አመራሩ እንዲህ ያለ ቁጥር ይዞ አልመጣም ነበር። የፓርቲው ሊቀመንበር ሎርድ ዉልተን ግን የአዳራሹን ስሜት አይተው ተቀበሉት። በ1951 ፓርቲው ምርጫ አሸነፈ። ቸርችል ሃሮልድ ማክሚላንን የቤት ሚኒስትር አድርገው ሾሙና ያንን ቁጥር አምጣ አሏቸው። በ1953 ከ300,000 በላይ ቤት ተሠራ። ማክሚላን በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ለስማቸው መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ከተራ አባላት አፍ የወጣ ቁጥር ስንት መቶ ሺህ ቤተሰብ ጣሪያ ሥር አስገባ። የሚገርመው፣ የዛሬው ኮንሰርቫቲቭ ጉባኤ ላይ አባላት በፖሊሲ ላይ ድምፅ አይሰጡም። ንግግር አለ፣ የጎን ስብሰባ አለ፣ ጥያቄና መልስ አለ። ውሳኔው ግን የመሪው ነው።

አንድ መኸር፣ ሦስት ጉባኤ

ያ የ2023 መኸር ለማነጻጸር ይመቻል። ከቦርንመዝ ጥቂት ቀን በኋላ ኮንሰርቫቲቮች በማንቸስተር ተሰበሰቡ። ኦክቶበር 4 ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ በንግግራቸው ላይ ከበርሚንግሃም ወደ ማንቸስተር ሊዘረጋ የነበረው ፈጣን የባቡር መስመር መሰረዙን አስታወቁ። በቢሊዮን ፓውንድ የሚቆጠር፣ ለዓመታት የተደከመበት ፕሮጀክት ነው። አዳራሹ እንደ ማንኛውም ቴሌቪዥን ተመልካች ሰማ።

ቀጥሎ ሌበር በሊቨርፑል ተሰበሰበ። ኦክቶበር 10 መሪው ኪር ስታርመር 1.5 ሚሊዮን ቤት እንሠራለን አሉ። ይህም ቁጥር ነው፤ ግን ከመድረክ ወደ ታች የወረደ ቁጥር። ስለዚህ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ዓይነት አሠራር ታየ ማለት ነው።

ሌበር ጋ ግን ነገሩ የተወሳሰበ ስለሆነ ትንሽ ልቆይ። በሌበር ጉባኤ ላይ ድምፅ አለ፤ ብዙ ድምፅ አለ። ግማሹ ክብደት የሠራተኛ ማኅበራትና የሌሎች አጋር ድርጅቶች ሲሆን ግማሹ የምርጫ ክልል ቅርንጫፎች ነው። ጥንት የማኅበራቱ ድርሻ ከዚህ በጣም ይበልጥ ነበር። የአንድ ትልቅ ማኅበር ካርድ የሚሊዮን ሰው ድምፅ ተብሎ ይቆጠር ነበር። በ1960 በስካርብራ ጉባኤ መሪው ሂዩ ጌትስኬል በኑክሌር መሣሪያ ጉዳይ የተሸነፉት በዚያ አሠራር ነው። እታገላለሁ ብለው ወጡ። በዓመቱ ብላክፑል ላይ ውሳኔውን አስቀለበሱት።

ዛሬ ሌበር ጋ ዋናው ትግል ያለው ከአዳራሹ ውጭ ነው። ቅርንጫፎችና ማኅበራት በአንድ ርዕስ ላይ ብዙ ተመሳሳይ ሐሳብ ሲያስገቡ አቅራቢዎቹ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ወደ አንድ ጽሑፍ ያዋህዱታል። እያንዳንዱ ቃል ይጎተታል። በ2018 በሊቨርፑል ስለ ብሬግዚት (ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስለ መውጣቷ) የተደረገው እንዲህ ያለው ስብሰባ እሑድ ማታ ከአምስት ሰዓት በላይ ፈጅቷል። ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት አንዱ ያኔ የብሬግዚት ጉዳይ ኃላፊ የነበሩት ስታርመር ናቸው። ከዚያ የወጣው ጽሑፍ ዳግም ሕዝበ ውሳኔን ከአማራጮቹ አንዱ አድርጎ አስቀመጠ። ሁሉም በራሱ መንገድ ሊያነበው የሚችል ዓረፍተ ነገር ነበር። ማክሰኞ አዳራሹ አጸደቀው፤ ክርክሩ ግን አልቆ አላደረም።

ድምፅ ማንን ያስራል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጉባኤው ወሰነ ማለት መንግሥት ወሰነ ማለት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2000 በእንግሊዝ የጡረተኛው መሠረታዊ አበል ለነጠላ ሰው በሳምንት 75 ሳንቲም (ፔንስ) ብቻ ጨመረ። አንድ ፓውንድ እንኳ አልሞላም። ሥልጣን ላይ የነበረው ሌበር ነው። የዚያን ዓመት ጉባኤ ብራይተን ላይ ሲካሄድ የ89 ዓመቷ የቀድሞ ሚኒስትር ባርባራ ካስል ጡረታ ከደመወዝ ዕድገት ጋር አብሮ ይደግ ብለው ተሟገቱ። አዳራሹ ከእሳቸው ጋር ቆመ፤ አመራሩ ተሸነፈ። መንግሥት ግን በማግስቱ ሕጉን አልቀየረም። ካስል በ2002 አረፉ። ጡረታ ከደመወዝ ጋር የተያያዘው በ2011 ነው፣ ያውም ሌላ መንግሥት ሲመጣ። ስንት አረጋዊ በመሃል እንዳለፈ ሳስብ ይከፋኛል።

በ2024ም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። አዲሱ የሌበር መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠውን የክረምት ማሞቂያ ድጎማ ለአብዛኛው ጡረተኛ አቋረጠ። በሊቨርፑል ጉባኤ ዩናይት የተባለው የሠራተኛ ማኅበር ውሳኔው ይቀልበስ አለ፤ ድምፁንም አሸነፈ። ድምፁ መንግሥትን አያስርም ተባለ። ያ ክረምት በተቆረጠው እንዳለ አለፈ። በጁን 2025 ግን መንግሥት አፈግፍጎ በእንግላንድና በዌልስ በዓመት እስከ 35,000 ፓውንድ ገቢ ላላቸው ጡረተኞች ድጎማውን እንደሚመልስ አስታወቀ። ይህን ያደረገው የጉባኤው ድምፅ ብቻ አይደለም፤ በመሃል የአካባቢ ምርጫ ሽንፈትም ነበር። ቢሆንም ጉባኤው መንግሥት ከወራት በኋላ የሰማውን ነገር ቀድሞ ተናግሮ ነበር።

ሊበራል ዴሞክራት ጋ ማሰሪያው ጠበቅ ይላል። ጉባኤው ያጸደቀው የፓርቲው ፖሊሲ ነው። ማኒፌስቶውን (የምርጫ ፕሮግራሙን) የሚያዘጋጀው የፖሊሲ ኮሚቴው ከፓርላማ አባላቱ ጋር ተመካክሮ ሲሆን መነሻው ያ ፖሊሲ ነው። ስለዚህ በ2024 ምርጫ ማኒፌስቶው ሲወጣ ገልጠህ ብታይ በዓመት 380,000 ቤት፣ ከእሱ ውስጥ 150,000 ማኅበራዊ ቤት ይላል። ወጣቶቹ ያስመለሱት ቁጥር ነው። አመራሩ የፈራው ሽንፈትም አልመጣም። ፓርቲው 72 የፓርላማ ወንበር አገኘ፤ በ2019 ያገኘው 11 ነበር። ቁጥሩ ድምፅ አመጣ ማለቴ አይደለም፤ ያን ዓመት ሕዝቡ ከኮንሰርቫቲቮች ሸሽቷል። ግን ቁጥሩ አላሰመጣቸውም።

አንድ ነገር ግን አልወድም፤ ሳልናገረው ማለፍም አልፈልግም። ድምፅ ያለው አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ነው። ቦርንመዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ ሆቴሏ ርካሽ አይደለም። የምዝገባ ክፍያ አለ፣ ባቡር አለ። ክርክሩ የተደረገው ሰኞ ነው። ሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ልጅ የሚያመላልስ ሰው እንዴት ይመጣል? ከእኛም ወገን በየከተማው ለዚህም ለዚያም ፓርቲ አባል ሆኖ መዋጮ የሚከፍል አለ። የፈረቃ ሥራ ላይ ካለ ግን ካርዱን የሚያነሳለት የለም። በኮቪድ ጊዜ ይኸው ፓርቲ ጉባኤውን በኢንተርኔት አካሂዶ አባላት ከቤታቸው ሆነው ተከራክረዋል፣ ድምፅም ሰጥተዋል። መንገዱ ተሞክሮ ሠርቷል ማለት ነው። ስለ ካውንስል ቤት በሚደረግ ክርክር ላይ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ድምፅ እንዲኖረው ከተፈለገ ያ በር መልሶ መከፈት አለበት።